ጣትም ይማራል፦ የዜማ ጌጥ በመወለድ ብቻ ይገኛል ለሚሉ መልስ

በአምቦ ከተማና በአካባቢዋ ባሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ ማለትም በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ፣ ፒያኖ ለመማር ልቡ የተነሣሣ ወጣት ጥቂት አይደለም፤ ባለ አውታሩ ፒያኖ ብርቅ ቢሆንበትም በየወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አዳራሽ፣ በየሠርጉ ድንኳንና በየግል ማስተማሪያው ክፍል የሚገኘው ኪቦርድ ጣቱን የሚያፍታታበት በር ከፍቶለታል። ነገር ግን ይህ ወጣት ቀላሉን ዜማ መምታት ከለመደ በኋላ፣ ድምፁ የሚርገበገብበትን፣ ከዋናው ድምፅ በፊት በአጭሩ የምትነካዋን ትንሽ ድምፅ፣ ከላይ ወደ ታች ተያይዞ የሚፈስሰውን ሐረግ፣ በጠቅላላው የዜማ ጌጥ የምንለውን ሁሉ እንዲያስተምሩት በጠየቀ ጊዜ፣ የሚያገኘው መልስ ከከተማ ከተማ ብዙም አይለያይም፤ ጌጥ ከአንጀት የሚወጣ ስጦታ ነው፣ የተሰጠው ሳይማር ያመጣዋል፣ ያልተሰጠው ግን ዕድሜውን ሁሉ ቢደክም አያገኘውም ይሉታል። ይህ አሳብ በተጫዋቾች፣ በአድማጮችና በወላጆች ዘንድ ሥር ስለ ሰደደ የሚመረምረው ሰው አይገኝም፤ እኔ ግን ሐሰት፣ ሐሰትም ብቻ ሳይሆን ጎጂ ነው ብዬ ስለማምን ከነሥሩ ልከራከረው ተነሥቻለሁ።

ባላጋራን አሳንሶ አቅርቦ ማሸነፍ ድል ስላልሆነ፣ አስቀድሜ የዚህን አስተያየት ምክንያቶች በሙሉ ጕልበታቸው ማስቀመጥ ይገባኛል። የመጀመሪያው የአዝማሪ ልጅ ምስክርነት ነው፤ ይህ ልጅ ኖታ ሳያይ፣ መምህር ሳይቀጠርለት፣ ገና በለጋነቱ ማሲንቆውን እያስለቀሰ ጌጡን በየሐረጉ ያፈስሰዋልና ስጦታ ባይሆን ከየት አመጣው ይላሉ። ሁለተኛው ምክንያት፣ ጌጥ የቅጽበት ፍሬ ስለ ሆነ ሥርዓትና ልምምድ ከተበጀለት ነፍሱ ትለየዋለች፣ የተጠና ጌጥም የሞተ ጌጥ ነው የሚል ነው። ሦስተኛው ስለ መሣሪያው የሚነሣ ነው፤ ፒያኖ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ስለማያወጣ የማሲንቆንና የሰውን ጕሮሮ ጌጥ አይሸከምም፣ ስለዚህ ጣትን በከንቱ ከማድከም በኪቦርዱ ግራ ጠርዝ ያለችውንና ተጫዋቾች ቤንድ የሚሏትን ተሽከርካሪ ማንቀሳቀስ ይሻላል ይባላል። አራተኛው የአቅም ምክንያት ነው፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ለአንድ ኪቦርድ ብዙ ልጆች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ፣ ጌጥን ማስተማር ቅንጦት ስለ ሆነ ቀጥተኛውን ዜማ ብቻ አስተምሮ ማሰናበት ይበቃል የሚል ነው። እነዚህን አራቱን በየተራቸው እመልሳለሁ።

ከአዝማሪው ልጅ ልጀምር። ይህ ልጅ ሳይማር ተጫወተ የሚሉ ሰዎች የተማረበትን ቤት ስላላዩ ብቻ ትምህርት አልነበረም ይላሉ። አባቱ ማሲንቆውን አቅፎ ሲገዘግዝ ልጁ ከእግሩ ሥር ተቀምጦ የኖረባቸው ዓመታት፣ የግራ እጅ ጣቶች በጭራው ላይ የት እንደሚያርፉ፣ የትኛው ጣት ቀድሞ እንደሚነካና የትኛው ወዲያው እንደሚለቅቅ በዓይኑ የቀረጸባቸው ሌሊቶች፣ ሲስት ታላቅ ወንድሙ ሥቆ ያረመው እርማት፣ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ቢታዩ አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ይሆናሉ። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ያለው፣ ጣትም አውታሩን ከእንጨቱ ጋር ሳያጣብቅ ከጎኑ የሚነካበት መሣሪያ ነው፤ የጣት ማረፊያ ምልክት ስለሌለው የጥቂት መሥመር ስሕተት ዜማውን ያፈርሰዋል፤ እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣ ሰው የለም። የአምቦ ልጅ ኦሮምኛውንና አማርኛውን በአንድ አፍ ሲያንቆረቍር ሰምቶ ሁለቱን ቋንቋ ይዟቸው ተወለደ የሚል እንደማይገኝ ሁሉ፣ የማሲንቆው ጌጥም ከጣቱ ጋር ተወለደ ማለት አይገባም፤ ሰው ማስታወስ ከመጀመሩ በፊት የተማረውን ነገር ተፈጥሮው አድርጎ ስለሚቈጥር ብቻ ነው እንዲህ የምንስተው። ከዚህም በላይ፣ ይህ በደም የመወለድ ወሬ አዝማሪውን ያከበረው መስሎ በእውነቱ ያዋረደው ነበር፤ ሙያው የዘሩ ነው ተብሎ ልጁ በአባቱ ሙያ ሲቆለፍ፣ የሌላው ሰው ልጅ ደግሞ ከሙያው ደጃፍ ሲመለስ ኖሯል።

ተቃራኒዎቼ ከአዝማሪው ቀጥለው ቅዱስ ያሬድን ምስክር አድርገው ይጠሩታል፤ ዜማውን ከሰማይ ተቀበለ እንጂ ተለማምዶ አላገኘውም ይላሉና። እኔም ያንኑ ትውፊት ምስክር አድርጌ እጠራለሁ። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የኖረው ያሬድ በአጎቱ በአባ ጌዴዎን ዘንድ ትምህርት አልገባው ብሎ እንደ ኰበለለ፣ ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለም አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው እንደ ወጣ አይቶ ወደ መምህሩ እንደ ተመለሰ የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የለም። ትውፊቱ ይህን የትጋት ታሪክ ዜማውን ካስተማሩት ከሦስቱ አዕዋፍ ታሪክ አስቀድሞ መተረኩ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ጸጋው የወረደው ትጋት ባዘጋጀው ልቡና ላይ ነውና። ተሰጥኦን የምንጠራበት መክሊትም በወንጌሉ ምሳሌ የተሰጠው ተነግዶበት እንዲያተርፍ ነበር፤ የተነቀፈውም አገልጋይ ያልተሰጠው ሳይሆን የተሰጠውን በምድር የቀበረው ነው።

የያሬድ ወራሾች የሆኑት ሊቃውንት ጌጥን ለዕድል አልተዉትም። በ16ኛው መቶ ዓመት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሥርዓት እንዳስያዙት የሚነገረው የድጓ ምልክት፣ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ፣ በአብዛኛው ድምፁ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንደሚወድቅ፣ እንደሚርገበገብ፣ እንደሚፈጥንና እንደሚቈረጥ የሚያመለክት ነው፤ እንግዲህ አባቶቻችን ምልክት ከሠሩለት ነገር ዋነኛው ዛሬ አይማሩትም የምንለው ይኸው ጌጥ መሆኑን ልብ ይሏል። ደቀ መዝሙሩ ርክርኩን ሳይሰብር እስኪያወርድ ድረስ የኔታ ድገም እያሉ ያስደግሙታል፤ እርሱም ይደግማል፤ ዓመታት በዚህ ያልፋሉ፤ በመጨረሻም በአዲስ ዓለም ማርያም ወይም ከአምቦ በስተደቡብ በወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ ባለው በጨርቆስ ማኅሌት ቆሞ ሲያዜም የሰማው ምእመን፣ ድምፁ ታድሎ ነው ብሎ ያደንቃል። ታድሎም ይሆናል፤ ነገር ግን ዕድሉን በየኔታ እግር ሥር በድግግሞሽ አምጥቶታል።

ወደ ሁለተኛው ምክንያት ልለፍ፤ የተጠና ጌጥ የሞተ ጌጥ ነው ወደሚለው። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ በሙዚቃ ተሰጥኦ ከአውሮፓ ቤተ ሰቦች ሁሉ የላቀው የባኽ ቤት ጌጥን ማስተማር ባላስፈለገው ነበር። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ግን በ1720 ለበኵር ልጁ ለቪልሄልም ፍሪደማን የልምምድ ደብተር ሲጀምርለት፣ ገና 9 ዓመቱ ለነበረው ለዚህ ልጅ የጌጥ ምልክቶችን እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሚመቱ ከሚያሳይ ትርጓሜ ጋር በሠንጠረዥ ጻፈለት። ሌላው ልጁ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤልም በ1753 በበርሊን ስለ ክላቪር፣ ማለትም ስለ ባለ ቁልፍ መሣሪያ፣ አጨዋወት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለጌጥ ሰፊ ምዕራፍ መደበ፤ ከእነርሱ አስቀድሞ በፈረንሳይ ፍራንስዋ ኩፕራን ከፒያኖ አስቀድሞ ስለ ነበረው ባለ ቁልፍ መሣሪያ ስለ ክላቭሳን በ1716 ባሳተመው መጽሐፍ ጌጡን ከጣቱ ቍጥር ጋር አስተምሯል። ከአባት ወደ ልጅ ሙዚቃ በደም ይወርዳል ቢባል ከሁሉ ይልቅ የሚያምርበት ቤት ይህ ነበር፤ ነገር ግን ያ አባት በልጁ ደም አልተማመነም፤ ቀለም አንሥቶ ጻፈለት እንጂ።

ከሩቅ አገር ምስክር ደስ የማይለው ሰው ካለም ከአገራችን አቀርብለታለሁ። በ1923 በአውሮፓ አቈጣጠር በአዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከሙዚቃ ጋር የተዋወቁት በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከጣልያን ወረራና ከግዞት በኋላ በካይሮ ከፖላንዱ መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሲማሩ በቀን 5 ሰዓት ፒያኖ፣ 4 ሰዓት ቫዮሊን ይለማመዱ እንደ ነበር ተነግሯል። ኋላም በግሸን ማርያም ገዳም ዐሥር ዓመት ያህል ኖረዋል፤ በጎንደርም የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። በ1967 በጀርመን በታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው የተሰማው ያ አጨዋወት፣ የቀኝ እጃቸው ትናንሽ ድምፆች በዋናው ድምፅ ዙሪያ ያለ ጭንቀት የሚዞሩበት፣ ጊዜው ሲዘገይና ሲፈጥን መሠረቱን የማይለቅበት ሥራ፣ ብዙዎች ከሰማይ በቀጥታ የወረደ አድርገው ያወሩለታል፤ የካይሮውን የሰዓት ብዛት ግን አያወሩም። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም በልጅነት ክራር ይዘው ጀምረው፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከዚያም በሶፍያ ጣታቸውን በትምህርት አበጅተው ነው የአገራቸውን ዜማ በፒያኖ ያሳመሩት። በእነዚህ በሁለቱ ዘንድ ልምምድ ጌጡን አላደረቀውም፤ ጣት የት ላርፍ እያለ ከመጨነቅ ሲያርፍ ልብ የፈለገውን ለመናገር ነጻ ይወጣልና። ከአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ገና በልጅነቱ ግዕዝን መማሩ የቅኔውን ልዕልና ከፍ አደረገው እንጂ አላሰረውም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ ክብደት ያለው ነውና በጥንቃቄ እመልሰዋለሁ። ፒያኖ በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል ድምፅ የለውም፤ የማሲንቆው ጣት ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚንሸራተተውን መንሸራተት አይሠራም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጌጥ መንሸራተት ብቻ ነው ያለው ማነው? በፒያኖ መዶሻው አውታሩን መትቶ በተመለሰባት ቅጽበት ድምፁ መሞት ይጀምራል፤ ተጫዋቹም ለዚያ ለሚሞት ድምፅ ዳግመኛ ሕይወት ከሚሰጥባቸው መንገዶች አንዱ ጌጥ ነው። ክላቭሳንም በጣት ኃይል ድምፁን ማጕላትና ማሳነስ አይችልም ነበርና፣ የኩፕራን ዘመን ሰዎች በጌጥ የተጉት የመሣሪያቸውን ጕድለት ወደ ውበት ለመለወጥ ጭምር ነው። ክራርና በገናም ተመትተው የሚሞት ድምፅ ያላቸው መሣሪያዎች ስለ ሆኑ የአገራችን ጆሮ ለዚህ ዓይነቱ ውበት እንግዳ አይደለም። የፒያኖ መሣሪያነትም ለጌጥ የተመቸ ነው፤ ሴባስቲያን ኤራር በ1821 የፈጠረው ስልት ቁልፉ እስከ ላይ ሳይመለስ ዳግመኛ እንዲመታ ስላስቻለ፣ 10 ሚሊሜትር ያህል በሚወርድ ቁልፍ ላይ ጣት በጥቂት እንቅስቃሴ ብዙ ድምፅ ማውጣት ይችላል።

ስለዚያች ቤንድ ስለሚሏት ተሽከርካሪ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ተሽከርካሪዋ በተለመዱት ኪቦርዶች ላይ በዚያች ሰዓት በጣት የተያዘውን ድምፅ ሁሉ በአንድነት ከፍና ዝቅ ስለምታደርግ፣ ዜማው ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ኮርድም አብሮ ይናወጣል፤ ይህ እንዳይሆን ተጫዋቹ ኮርዱን ይተዋል፤ ግራ እጁም ሥራውን ጥሎ የተሽከርካሪ አዟሪ ይሆናል። እንዲህ አንድ ሙሉ እጅ ከፍለን የገዛነው ጌጥ በሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት፣ በሁሉም ተጫዋች እጅ አንድ መልክ ያለው ነው፤ በሠርግ ቤት አንዱን ተጫዋች ከሌላው ለይቶ ማወቅ የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው። ተሽከርካሪዋን የሚያዞረው ሰው ከጌጥ ትምህርት እንደ ተሰናበተ አይወቅ እንጂ ተሰናብቷል።

እስካሁን የተናገርሁት ጌጥ ይማሩታል የሚል ነው፤ ነገር ግን እንዴት ይማሩታል ለሚለው መልስ ካልሰጠሁ ክርክሬ ጎደሎ ይሆናል፤ በዚህም ላይ አይማሩትም የሚለው አስተያየት አንዲት እኅት አለችው፤ እርስዋም መጀመሪያ ጣትን በኃይል አጠንክር፣ ጌጡ በኋላ ራሱ ይመጣል የምትል ናት። የዚህች እኅት መሣሪያ ሻርል ሉዊ ሃኖን በ1873 ያሳተመው ባለ 60 ልምምድ መጽሐፍ ነው፤ ተማሪው ጣቱን ወደ ላይ እያነሣ፣ አምስቱን ጣቶች በጕልበት እኩል ለማድረግ እየታገለ፣ ወራትን ያሳልፍበታል። ጣቶች ግን በጕልበት እኩል ሆነው አልተፈጠሩም። ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ትልልቆቹ ጡንቻዎች በጣቱ ውስጥ ሳይሆኑ በክንድ ውስጥ ናቸው፤ ከእጅ ጀርባ ላይ ያሉት ጅማቶችም የመሀልን፣ የቀለበትንና የትንሿን ጣት እርስ በርሳቸው ስለሚያያይዟቸው የቀለበት ጣት ብቻዋን ከፍ ብላ እንድትነሣ ማስገደድ ተፈጥሮን መታገል ነው። የሙዚቃ ደራሲው ሹማን በ1830ዎቹ መጀመሪያ ቀኝ እጁ ተበላሽቶ ፒያኒስት ከመሆን ተስፋው ሲቈረጥ፣ ለጕዳቱ ምክንያት ከተባሉት አንዱ ጣት ማጠንከሪያ መሣሪያ ነበር። የፒያኖ ደራሲና መምህር የነበረው ሾፓን ግን ጣቶች በተፈጥሮ የተለያዩ መሆናቸውን እንደ በጎ ነገር ተቀብሎ፣ እያንዳንዱ ጣት በጠባዩ እንዲሠራ ያስተምር ነበር።

ሌላም ምክንያት አለ፣ እርሱም የእኛው ብቻ ነው። የሃኖን ልምምድ የተሠራው ድምፆቹ ተጠጋግተው ለሚከተሉበት ለሰባት ድምፅ ቅኝት ነው፤ የእኛ ዋና ዋና ቅኝቶች ግን አምስት ድምፅ ስላላቸው በመካከላቸው ሰፋፊ ክፍተት አለ። በትዝታ፣ ማለትም በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ፣ ከሚ ወደ ሶል፣ ከላም ወደ ዶ ክፍተት ይገኛል፤ በባቲ፣ ይኸውም በዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶልና ሲ፣ ዶ ከሚ፣ ሶልም ከሲ ይራራቃሉ፤ በአንቺ ሆዬ ደግሞ በዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላትና ላ መካከል እጅግ የጠበበና እጅግ የሰፋ ርቀት ተቀላቅሏል። ስለዚህ በትዝታ ሚ ላይ ቆሞ ጌጥ የሚሠራ ጣት ወደ ፋ ሳይሆን ወደ ሶል ይሄዳል፤ በተጠጋጋ ድምፅ ብቻ የሠለጠነ እጅ ይህን ክፍተት ሲያገኝ ይደናገጣል፣ ተማሪውም ጌጥ አልተሰጠኝም ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። እጁን ያደናገረው ግን በባዕድ ቅኝት ርቀት ብቻ መሠልጠኑ ነው። በምዕራብ ሸዋ የሚዘፈኑት የኦሮምኛ ዜማዎችም በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚሄዱ ስለ ሆኑ፣ ይህ ነገር በአምቦና በጉደር የሚማረውን ልጅ በቀጥታ ይነካዋል።

እንግዲህ ትምህርቱ እንዴት ይሁን? መጀመሪያ በጕሮሮ ይጀመር፤ የዘፋኙን የሃጫሉ ሁንዴሳን አንድ ዜማ በኪቦርድ ሊያወጣ የሚፈልግ የአምቦ ልጅ፣ ይህ የከተማዋ ልጅ በሕይወቱ ሳለ ድምፁን በየትኛው ቃል ላይ እንዳዞረ፣ በየትኛው እንደ ተወው፣ አስቀድሞ በራሱ አፍ በዝግታ ይዝፈነው፤ ጆሮ ያልያዘውን ጌጥ ጣት አያገኘውምና። ቀጥሎ እጁ ይደርደር፤ ዋናው ሥራ ያለው በዚህ ነው። በትዝታ አውራ ጣትን ዶ ላይ አሳርፎ አምስቱን ድምፅ ለአምስቱ ጣት የሚያከፋፍል ልጅ፣ ከሶል ወደ ላ ደርሶ የሚመለሰውን ጌጥ በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት፣ ማለትም በደካሞቹ ሁለቱ፣ ለመሥራት ይገደዳል፤ መምህሩ ግን አውራ ጣቱን ወደ ሚ አዛውሮ ሶልን በሌባ ጣት፣ ላን በመሀል ጣት ቢያስይዘው፣ ትላንት አልተሰጠህም የተባለው ጌጥ ዛሬ ባንዲት ደቂቃ ይቃናለታል። ለሰፋፊው ክፍተት አውራና መሀል ጣት፣ ወይም ሌባና ቀለበት ጣት ይመረጡ፤ ድምፁ ረዥም ጊዜ የሚርገበገብ ሲሆንም መሀል ጣትን አንዱን ድምፅ አስይዞ፣ በሌላው ድምፅ ላይ አውራና ሌባ ጣትን ማፈራረቅ ድካምን ይከፋፍላል።

ሦስተኛው ነገር እንቅስቃሴው ነው። ጣት ከቁልፉ ፊት ብዙም ሳይርቅ፣ የእጅ አንጓ ሳይደነድን፣ ትከሻ ሳይነሣ፣ ክብደቱ ሁሉ በዋናው ድምፅ ላይ ዐርፎ ጌጡ ከእርሱ ቀልሎ ይሰማ፤ በጌጥ ጊዜ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ትንሿን ድምፅ ከዋናው አስበልጦ መምታት ነው። አራተኛው ጊዜው ነው፤ ጌጡ በመጀመሪያ በአንድ ምት ሁለት ድምፅ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያም አራትና ስድስት እየሆነ፣ በሜትሮኖም ወይም በመምህሩ ጭብጨባ ይለካ፤ የዝግታው ድምፅ ከድምፅ ሳይበላለጥ እስኪሰማ ድረስ ፍጥነት ከቶ አይጨመርበት። ፈጥኖ የተሠራና ያልተስተካከለ ጌጥ ስሕተቱን ደብቆ ስለሚያሳልፍ፣ ተማሪው ስሕተቱን ይለማመዳል። በክንዱ ሕመም ከተሰማው ወዲያው ያቁም፤ ሕመም የትጋት ማስረጃ ሳይሆን የአያያዝ ስሕተት ምልክት ነውና። ጌጡ በመጨረሻ በጣት ውስጥ ከገባ በኋላ ግን መምህሩ ሠንጠረዡን ከፊቱ ያንሣ፤ በአንድ ሐረግ ላይ ሦስት ዓይነት ጌጥ እንዲሠራ፣ አንዱንም መርጦ ለምን እንደ መረጠ እንዲናገር ይጠይቀው። በዚህ ጊዜ ልብ የሚባለው ነገር ወደ ሥራው ይገባል፤ መሣሪያው ተዘጋጅቶለታልና።

አራተኛው የአቅም ምክንያት ከዚህ በኋላ ብዙ ክርክር አይሻም። ከላይ የዘረዘርሁት ትምህርት ከአንድ ኪቦርድ በቀር ምንም አይጠይቅም፤ ኪቦርዱም ባለ 88 ቁልፍ መሆን የለበትም፤ የተለመደው ባለ 61 ቁልፍ ይበቃል፤ ሊገዙ የሚችሉ ግን የጣትን ኃይልና ልስላሴ ለይቶ የሚሰማውን ዓይነት ይምረጡ፣ የጌጥን መቅለልና የዋናውን ድምፅ መክበድ የሚያሳየው እርሱ ነውና። ተራ የሚጠብቀው ልጅም ጊዜውን በከንቱ አያሳልፍ፤ ጌጡን በአፉ እያዜመ በጠረጴዛ ላይ በጣቱ ይለማመደው። ቀጥተኛውን ዜማ ብቻ አስተምሮ ማሰናበት ርካሽ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች የሚረሱት ነገር፣ በእኛ ዜማ ጌጥ ከላይ የተደረበ ትርፍ አለመሆኑን ነው፤ ከትዝታ ዜማ ጌጡን ብታነሡለት አምስት ድምፅ ይቀራል እንጂ ትዝታ አይቀርም። ስለዚህ ጌጥን ለመጨረሻ ያቆየ መምህር ተማሪውን ከዜማው ገና አላስተዋወቀውም።

የዚህ አስተያየት ጕዳት በትምህርት ክፍል ብቻ የሚቀር አለመሆኑንም ልናገር። አልተሰጠህም የሚለው ቃል የሚወድቀው ከሁሉ አስቀድሞ ቤቱ ማሲንቆም ክራርም ባልነበረበት፣ ወላጆቹ ገበሬ ወይም ነጋዴ በሆኑበት፣ ጆሮው ዘግይቶ በተከፈተ ልጅ ላይ ነው፤ ይህም ቃል ለመምህሩ እጅግ የሚመች ነው፤ ካልተሳካ ጥፋቱ የተፈጥሮ ነውና፣ የማስተማር ዕዳውን ከትከሻው አውርዶ በልጁ ላይ ይጭንለታል። ከአንድ ከተማ እንዲህ እየተባሉ የሚመለሱት ልጆች ቍጥር በዛ ማለት፣ ከተማዋ ሊኖራት የሚገባው የሙዚቃ ሀብት በዚያው ልክ አነሰ ማለት ነው።

ሰዎች ሁሉ በተሰጥኦ እኩል ናቸው አላልሁም፤ አንዱ በአንድ ወር የሚደርስበትን ሌላው በዓመት ይደርስበታል፣ ከሺሕም አንዱ እማሆይ ጽጌ ማርያም የደረሱበት ይደርስ ይሆናል። ነገር ግን የልዩነቱን መጠን ማወቅ የሚቻለው ሁሉም ከተማሩ በኋላ እንጂ ከመማራቸው በፊት አይደለም። ስለዚህ በአምቦ፣ በጊንጪ፣ በጉደርና በጌዶ ፒያኖና ኪቦርድ የምታስተምሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ጌጥን ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ፣ በትዝታና በባቲ ክፍተት ላይ፣ በተመረጠ ጣት፣ በዝግታና በጆሮ አስተምሩ፤ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ፈጽማችሁ ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ተማሪ ያልደረሰበት እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ ስለ ተሰጥኦ ልትናገሩ ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት የሚነገረው አልተሰጠውም የሚለው ፍርድ ግን ያላስተማረ መምህር ስለ ራሱ የሰጠው ምስክርነት ነው።